አያ ቢተው የቀመሱት

የአያ ቢተው ልጅ እናኑ የደወለችልኝ ሱቄን ገና ከፍቼ በረንዳውን እየጠረግሁ ሳለ ነው። «ስንዱ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። ነጋዴ ነኝ፤ አፌ አርፎ አያውቅም፤ ለለቅሶም ለሠርግም የሚባለውን አላጣም። የዚያን ጧት ግን አንድ ቃል እንኳ አልመጣልኝ አለ። ሱቄን መልሼ ዘግቼ ወደ አርብ ገበያ ከተማ በምትሄደው ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

አያ ቢተው የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት ከከተማ ተመልሰው፣ ተወልደው ባደጉበት በታች ጋይንት ገጠር ነው። የተቀበሩትም እዚያው ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር ይላሉ ዘመዶቻቸው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጥርሴን ነው እንጅ የጨረስሁት ዕድሜዬንስ አልጨረስሁም» ይሉ ነበር። እውነትም አንድ ጥርስ አልነበራቸውም። ይህን የምናገረው በሟች ለማሾፍ አይደለም፤ የሳቸው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የምን ዘመዳቸው እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። «ጎረቤታቸው ነኝ» አልኋት። ጎረቤት ማለት ግን አነሰብኝ፤ አባት ማለት ደግሞ ውሸት ሆነብኝ። ለስድስት ዓመት ያህል በየቀኑ አይቻቸዋለሁ፤ በየቀኑም አንዴ አስቀውኛል፣ አንዴ አናደውኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው እንደሚጠሩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሙያቸው ሞፈርና ቀንበር መጥረብ ነበር። ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ ባዶው ቤት አላስቀምጥ ቢላቸው ወደ ንፋስ መውጫ መጡና ከሱቄ ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። ያለቻቸው ልጅ እናኑ ብቻ ናት፤ እሷም መካነ ኢየሱስ በነርስነት ትሠራለች። ሩቅ አይደለም፤ ግን በደብረ ታቦር ዞሮ መምጣት ነውና በዓመት አንዴም ሁለቴም ብትመጣ ነው። አያ ቢተው ጧት ጧት ዱካቸውን፣ ያችን አጭር በርጩማ፣ ይዘው ከሱቄ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔም መልካም ነው አልሁ፤ ደጅ ላይ ሽማግሌ የተቀመጠበት ሱቅ ሌባ አይደፍረውም።

ሱቄ ከመናኸሪያው በላይ ናት። የሕፃን ልብስ፣ ጡጦ፣ ዳይፐርና መጫወቻ እሸጣለሁ። በዚያን ጊዜ መጫወቻ የምመርጥበት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ያብለጨልጫል ወይ? ካብለጨለጨ ይሸጣል።

አንድ የገበያ ቀን ልጇን ያዘለች አንዲት ወጣት እናት መጣችና ሲነቀንቁት የሚንኮሻኮሽ ቀይ መጫወቻ አነሳች። ልጂቱ ከጀርባዋ ሆና እጇን ዘረጋች። ዋጋ ጨርሰን ላስረክባት ስል አያ ቢተው ከደጅ ሆነው «እስቲ ወዲህ በይው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉትና፣ ይማሩኝና፣ አፋቸው ውስጥ ከተቱት። በድዳቸው ያላምጡት ጀመር። እናቲቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ግን ሰውዬው አእምሯቸውን የሳቱ መስሎኝ ደነገጥሁ። ትንሽ ቆይተው አወጡትና ምላሳቸውን አሳዩን። ምላሳቸው ቀልቷል።

«አየሻት? ይህች ልጅ ልትጫወት አይደለም፤ ቀለም ልትበላ ነው» አሉ።

እናቲቱ መጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔ በንዴት ጦፍሁ።

«አያ ቢተው፣ ፀሐይዎን ዝም ብለው ቢሞቁ ምን አለበት?»

«አንች ልጅ» አሉኝ፣ ቀዩን ምላሳቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ፣ «ማረሻ ስትገዥ አንኳኩተሽ ድምፁን ትሰሚያለሽ። በሬ ስትገዥ አፉን ከፍተሽ ጥርሱን ታያለሽ። ለሕፃን ሲሆን ጊዜ ያብለጨለጨውን ሁሉ ነው? ሕፃን እኮ ዓይኑም እጁም አፉ ነው። በአፉ ነው የሚያይ።»

«ታዲያ እርስዎን ማን ቀማሽ አደረገዎ?»

«ድዴ ነዋ! በዚህ ከተማ ጥርስ የሌለን እኔና ሕፃናቱ ነን። እኔ ካልቀመስሁላቸው ማን ይቅመስላቸው?»

ማታ ሱቄን ስዘጋ ያንን ቀይ መጫወቻ በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ቀለሙ እንደ ልጣጭ ተነሳ። እንዳልሸጠው ከሌላው ለይቼ ወረወርሁት፤ አያ ቢተውን ግን ልክ ነዎት አላልኋቸውም። ግትር ነኝ። በሳምንቱ ያች እናት ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣችና «ሽማግሌው የቀመሱት አለሽ?» አለችኝ። ነገሩ በዚያ ተጀመረ። ከአርብ ገበያ የሚመጡትም፣ ከስማዳ በኩል የሚመጡትም፣ ከሱቄ በር ቆመው «አያ ቢተው የቀመሱት ነው?» ማለት ለመዱ። አዎ ካልሁ ይገዛሉ፤ ገና ነው ካልሁ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

እኔ ሰው መጫወቻ ሲገዛ «ወንድ ነው ሴት?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አያ ቢተው አንድ ቀን እንኳ ይህን አልጠየቁም። የሳቸው ጥያቄ «ይቀመጣል? ይድሃል? ቆሟል?» የሚል ነው። ለተኛ ሕፃን የሚሰጠው ለሚድህ አይሆንም፣ ለሚድህ የሚሆነው ለቆመ አይበቃም ይላሉ። የጨርቅ እንስሳ ሲያገኙ ዓይኑን በሁለት ጣታቸው ይዘው ይስቡታል፤ ከተነቀለ ወደ ጎን ይጥሉታል። ገመድ ያለበትን በስንዝራቸው ይለኩና የተረፈውን በቢላቸው ይቆርጡታል። «ከስንዝር የረዘመ ገመድ የበሬ ነው እንጅ የልጅ አይደለም» ይላሉ። የሚጮኸውን ከጆሯቸው ያስጠጉታል። ጆሯቸው ከባድ ነበር። «እኔን ደንቆሮውን ካሳመመኝ ሕፃኑን ምን ሊያደርገው ነው?» ብለው ይመልሱልኛል።

አንዲት ባዶ ብርሌም ነበረቻቸው፤ ከዱካቸው አጠገብ አትለይም። አንድ ቀን የደብሩ ቄስ ሲያልፉ አይተው «ቢተው፣ ገና በጧቱ ብርሌ?» አሏቸው።

«ጠጅ የለበትም አባ፤ ጉሮሮ ነው» አሉ አያ ቢተው። አንዲት ትንሽ የላስቲክ ጎማ አነሱና በብርሌዋ አንገት ጣል አደረጓት፤ ተንኳኳ ገባች። «ይኸው፤ እዚህ የገባ ሁሉ ከሕፃን ጉሮሮም ይገባል። ይህችን የምሰጥ ሦስት ዓመት ለሞላው ነው።» ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟቸውና እየሳቁ ሄዱ።

የማይረሳኝ አንድ ባለሥልጣን አለ። ስሙን ተዉት። በባትሪ የሚሄድ፣ መብራቱ የሚበራ፣ ክላክስ የሚነፋ ትልቅ መኪና መርጦ ሊወስድ ሲል አያ ቢተው ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«ጌታው፣ ልጁ ስንት ወሩ ነው?»

«ስድስት።»

«ይቀመጣል?»

«ትራስ ከተደገፈ።»

«እንግዲያ መኪናው የርስዎ ነው። እርስዎ ይንዱት፤ ለልጁ ካርቶኑን ይስጡት።»

ሰውዬው ፊቱን አኮማትሮ መኪናውን ይዞ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚስቱ መጣችና አፍራ ቆየች። ምን ልርዳሽ ስላት «ካርቶኑ ተቀዶ ልጁ አለቀሰብኝ፤ ሌላ ባዶ ካርቶን ይኖርሻል?» አለችኝ። አያ ቢተው ከደጅ ሆነው ሰምተዋል። ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

መንገድ ተዘግቶ ከባሕር ዳር ዕቃ መምጣት ያቆመበት ጊዜ ነበር። መደርደሪያዬ ባዶ ሆነ። ያኔ አያ ቢተው የተዉትን መጥረቢያና መሮ ከአልጋቸው ሥር አወጡ። ዋንዛ ይጠርባሉ፤ ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ ስንጥር አያወጣም ይላሉ። ጠርበው ሲጨርሱ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል፤ ይፍቁታል፤ ይፍቁታል። ከጋቢዬ ክር ከመዘዘ አልጨረስሁም ይላሉ። ከሠሯቸው ሁሉ የምወዳት እንቁላል የምትመስል ድብልብል ናት። አንድ ጎኗ ከብዶ የተሠራች ስለሆነች ሲገፏት ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ዞራ ዞራ ተመልሳ ትቆማለች። ለሚድህ ልጅ ናት።

«ኳስ ቢሰጡትስ?» አልኋቸው።

«ኳስ ከአልጋ ሥር ይገባበታል። የደረሰበትም እንደሆነ ገፍቶ ያርቀዋል፤ ተስፋ ይቆርጣል። መጫወቻ ማለት ትንሽ ሸሽቶ የሚጠብቅ ነው።»

ይህን ሲሉ እጃቸው አላቆመም። እኔ ግን ዞር ብዬ ዕቃ የማስተካክል መሰልሁ፤ ዕንባዬ መጥቶ ነበር። ለምን እንደመጣ አላውቅም። በልጅነቴ እንዲህ አስቦ ምንም ነገር የሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ይሆናል።

እንዲህ እያልን ሳለን እናኑ ሴት ልጅ ወለደች። ሶልያና አለቻት። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ሲነሣ መንገዱ አልተከፈተም ነበርና አያቷ አልሄዱም። እናኑ በስልኬ የላከችውን ፎቶ እኔ ነኝ ያሳየኋቸው። ስልኩን ከፊታቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ «መዳፏን አሳይኝ» አሉኝ። ፎቶውን አጎላሁላቸው። የልጂቱን መዳፍ በጣታቸው ለኩና ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሶልያና ነበር የሚሠሩት። አንዱን ጨርሰው «አይ፣ ከበዳት» ይላሉ፤ ሌላውን ጨርሰው «አይ፣ አደገች እኮ አሁን» ይላሉ። ያልሆነላቸውን ለሌሎች ልጆች እሸጠዋለሁ። ቀን ከሌት የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር፤ ያችን ልጅ ማቀፍ።

ክረምቱ ሲወጣ ማሳል ጀምረው ነበር። ማርና ጤና አዳም አፍልቼ ሰጠኋቸው። «ብርዱ ነው» ይላሉ። እኔም ብርዱ ነው አልሁ፤ እዚህ አገር ብርድ የማይሸከመው ኃጢአት የለም። እናኑ ልጇን ይዛ የመጣችው መንገዱ ሲከፈት፣ በኅዳር ነው። ሶልያና ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከባጃጅ ስትወርድ አያ ቢተው ለልጂቱ የሠሩትን የመጨረሻውን መጫወቻ በድዳቸው ይዘው እየሞከሩ ነበር። ሲያይዋት ከአፋቸው አውጥተው ተነሡ፤ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ። ልክ በዚያ ሰዓት ሳሉ ያዛቸው። ጎንበስ ብለው ሳሉ፤ ቆይተው ቀና አሉ፤ እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

እናኑ ባለችበት ቆመች።

«አባዬ፣ ይህ ሳል ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከክረምት ወዲህ ነው፤ ይሻለኛል። አምጫት እስቲ!»

«አሁን እኮ ኅዳር ነው። ከስተሃል ደግሞ።» እጃቸው ላይ ያለውን እርጥብ መጫወቻ አየች። «ያ ለማን ነው?»

«ለሶልዬ ነዋ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለ ነበር። የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችና ከበረንዳው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወረደች።

«አባዬ፣ ሳንባህን ሳትመረመር እንዳታቅፋት። ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ብሎ የጀመረውን ስንቱን አይቻለሁ። የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ በትንፋሽ ነው የሚተላለፍ። ከአፍህ ያወጣኸውስ ቢሆን ለልጅ ይሰጣል? የሦስት ቀን ፈቃድ ነው ያለኝ። ነገ ጧት ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። ውጤቱ ደኅና ከሆነ ታቅፋታለህ፤ ካልሆነ ይዣት እመለሳለሁ።»

አያ ቢተው እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። መጫወቻውን ኪሳቸው ከተቱት። «እውነትሽን ነው» አሉ። እናኑ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ቤት አረፈች። ልጂቱ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ከነጠላው ሥር አንድ እግሯ ብቻ ይታይ ነበር፤ አያቷ ባጃጁ እስኪታጠፍ ያንን እግር ሲያዩ ቆሙ።

በማግሥቱ አክታቸውን ሰጥተው ተመለሱ። ደረታቸውንም ራጅ ያነሷቸዋል ተባለ። ዱካቸው ላይ ይቀመጣሉ ስል ከዘራቸውን አነሡ።

«ወዴት ነው?» አልኋቸው።

«እናቶቹ ጋ።»

ገባኝ። ገብቶኝም ደነገጥሁ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሰዓት ያሰብሁት ስለ ልጆቹ አይደለም፣ ስለ ሱቄ ነው። «አያ ቢተው፣ ውጤቱ እስኪመጣ ዝም ይበሉ። ሁለት ቀን ነው። ወሬ ከወጣ እኮ አይመለስም፤ ማን ከኔ ይገዛል ከዚያ ወዲያ?»

በረጅሙ አዩኝ። «እናኑ ልጇን አሸሸች። አሳዘነችኝ፤ ግን እናት ናት፤ ደግ አደረገች። ሌሎቹም እኮ እናት ናቸው። እነሱ ሳያውቁ መቅረታቸው ለምንድን ነው፤ ነርስ ስላልሆኑ?»

ሱቄን ዘግቼ ተከተልኋቸው። ብቻቸውን መልቀቅ አልቻልሁም። አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። ከማንም ቤት አልገቡም፤ ግቡ ሲሏቸውም ከአጥሩ በር ቆመው ነው የሚናገሩት። «ሳል ይዞኛል፤ ተመርምሬ ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው። ከኔ የወሰዳችሁትን መጫወቻ በፈላ ውኃ እጠቡት። ልጁ ካሳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ያጠፋሁት ካለ ይቅር በሉኝ።» ይህንኑ ከቤት ቤት ደገሙት። የየልጁን ስም ያውቃሉ፤ ማን ምን እንደወሰደ ያውቃሉ። አንዳንዷ እግዜር ይስጥልን አለች። አንዷ መጫወቻውን ከቤት አውጥታ ከእግራቸው ሥር ወረወረችው። ጎንበስ ብለው አነሱትና «ደግ አደረግሽ» አሏት።

ከሁሉም የከፋው ትርንጎ ቤት የገጠመን ነው። ትርንጎ የአሥር ወር ልጅ እናት ናት፤ ጨዋታ የምታውቅ፣ የምትስቅ ሴት። አያ ቢተው የሚሉትን ሰምታ ጨረሰችና ሳቀች።

«ኧረ አያ ቢተው! ምኑን ነው የማጥበው? እርስዎ እንትፍ ብለው የመረቁት አይደለም እንዴ! እኔስ በረከቱ እንዳይጠፋ ብዬ ውኃም አላስነካሁት።»

አያ ቢተው ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ከአጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ምርቃት ሌላ፣ ቅምሻ ሌላ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እሾህና ቀለም እንዳይኖረው ነው የቀመስሁት። በአፌ ምን በረከት አለ? ትርንጎ፣ ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

ትርንጎ ወደኔ ዞረች።

እኔ ነበርሁ። እሳቸው ጀርባቸውን ሲሰጡ ለስንቷ እናት «አያ ቢተው የመረቁት ነው፤ እንዳታጥቢው» ብዬ ሸጫለሁ። በአገራችን ሽማግሌ እንትፍ ብሎ ይመርቃል፤ ይህን ማን ይጠላል? ተቀምሷል ብቻ ተብሎ ከሚሸጠው ይልቅ የተመረቀው ፈጥኖ ይወጣል። ይህን ሳደርግ ክፉ አሰብሁ አልልም። ነገር ግን እሳቸው ልጆቹን ለመጠበቅ የሠሩትን እኔ መሸጫ አደረግሁት፤ ማጠብ ያለባቸውንም አስተውኋቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አያ ቢተው አዩኝ። የሚሉትን ጠበቅሁ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና «በይ ስንዱ፣ የቀረን ቤት ብዙ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህን ነገር አንድ ቀን አላነሡብኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ እረሳው ነበር።

ማታ የተመለሱልንን መጫወቻዎች ሁሉ በትልቅ ድስት ቀቀልሁ። ፕላስቲኩ ግማሹ ተጣመመ። የሳቸው ዋንዛ ግን እንዳለ ወጣ።

ሦስተኛው ቀን የእናኑ ፈቃድ የሚያልቅበት ነው። ውጤቱን ልታመጣ ልጇን አዝላ ራሷ ሄደች። አያ ቢተው ዱካቸውን ከሱቄ በር አንሥተው ከጓሮ፣ ከሰው ርቀው ተቀምጠዋል። ምሳም አልበሉ። እኔ በየደቂቃው ብቅ እያልሁ አያለሁ። አንድ ጊዜ «እናኑ ዛሬ ይዛት ትሄዳለች?» አሉኝ። «ውጤቱ ደኅና ይሆናል» አልሁ። «እኔ የጠየቅሁሽ እሱን አይደለም» አሉኝ። እውነትም አልመለስሁላቸውም ነበር።

እናኑ መጣች። ከጓሮው መግቢያ ላይ ስትደርስ አያ ቢተው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«ከመናገርሽ በፊት፤ ስለኔ አይደለም የምጠይቅሽ። ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ልጆቹ ምንም አልሆኑም አባዬ። ነቀርሳ አይደለም፤ ሌላም ተላላፊ ነገር የለብህም። የእንጨት ብናኝ ነው። ስትፍቅ ስትፍቅ የከረምኸው ዱቄቱ ሳንባህን አስቆጥቶታል። ዶክተሩ ምን ይሠራሉ ብሎ ቢጠይቀኝ ለሕፃናት መጫወቻ ያለሰልሳሉ አልሁት።» ይህን ብላ ጣቷን አነሣችባቸው። «ስትፍቅ አፍንጫህን ትሸፍናለህ፤ ተሸፍነህ ደጅ ላይ ትፍቃለህ። ለልጅ የሚሰጠውንም ካፍህ አታስገባም።»

አያ ቢተው አማተቡ። ወደኔ ዞረው «ስንዱ፣ ቀድመሽ ለትርንጎ ንገሪያት» አሉኝ። እዚያው ቆሜ ደወልሁላት፤ ስልክ የፈጠረ ይባረክ። ትርንጎ በስልኩ ውስጥ እልል አለች፤ ጓሮው ሁሉ ሰማት።

ቅምሻውን ከዚያም ወዲያ አልተዉትም። ከየዓይነቱ አንዱን ይቀምሳሉ፤ የቀመሱትን ግን ማንም አይገዛውም፣ የሳቸው ሆኖ ይቀራል። ሰባ ምናምን ዓመት የሆናቸው ሰው አልጋቸው ሥር አንድ ሳጥን ሙሉ መጫወቻ ነበራቸው። እኔም ከሱቄ በር «ሳታጥቡ እንዳትሰጡ» የሚል ወረቀት ለጠፍሁ፤ ማንበብ ለማይችለው በአፌ እናገራለሁ። ዛሬም እናገራለሁ። ገበያው እንደፈራሁት አልጠፋም፤ ቢጠፋም ኖሮ ዋጋዬ ነበር።

ስለሳቸው ሰው ሲጠይቀኝ ግን የምናገረው ይህን አይደለም። የምናገረው የዚያን ቀን፣ እናኑ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ አባቷ የሄደችበትን ነው። አያ ቢተው «ቆይ፣ ቆይ» አሉና እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ባዶ ነው፤ ሁሉም ከድስቱ ገብቷል። «ምንም አልያዝሁላትም እኮ» አሉ፤ ስንት ወር ሲዘጋጁ የኖሩት ሰው።

እናኑ ልጂቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጠቻት።

ሶልያና አላለቀሰችም። ጢማቸውን ያዘች። አፍንጫቸውን ጨበጠች፤ ለቀቀችው። ዓይኖቿን አፋቸው ላይ ተከለችና አንድ እጇን እስከ አንጓዋ አስገባችው። ድዳቸውን ያዘችና ሳቀች። የሷም ድድ አንድ ጥርስ አልነበረበትም። አያ ቢተው እንዳትደናገጥ ብለው መተንፈስ የተዉ ይመስሉ ነበር። ዕንባቸው ብቻ በጢማቸው ላይ ይወርዳል። እናኑ የልጇን እጅ ልታወጣ እጇን ዘረጋች። ነርስ ናት፤ ታውቃለች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። የተዘረጋው እጇ ግን አልተመለሰም፤ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሄደና የአባቷን ዕንባ ጠረገ።